ደመወዜ ወር አይደርስም፤ የቢሮው እቁብ ውስጥ ልግባ ወይስ ይቅርብኝ?

የቀበናዋ

ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ ተቀጣሪ ነኝ። ለገሃር አካባቢ አንድ የግል ድርጅት ውስጥ ሥራ ከጀመርኩ ገና ዓመት አልሞላኝም። የቅጥር ደብዳቤዬ ላይ ያለው 15,000 ብር ነው፣ እጄ የሚገባው ግን 10,750። ቀሪው 4,250 የት እንደሚሄድ በደንብ ያስረዳኝ ሰው የለም፣ ሁሉም «ግብር ነው» ብሎ ያልፋል።

የምኖረው ቀበና ነው፣ ከአንዲት የካምፓስ ጓደኛዬ ጋር በደባልነት። ቤቱ 7,000 ነው፣ የኔ ድርሻ 3,500። ደብረ ብርሃን ላለችው እናቴ 1,500 እልካለሁ፣ እሱ ላይ ድርድር የለም። ታክሲ 1,200 አካባቢ። ምሳ 3,000 ይሆናል። ለማታ የምናዋጣው አስቤዛ 1,500፣ ካርድና ዳታ 300። ከዚህ ውጭ ያን ያህል ብር የምረጭ ሰው አይደለሁም። ግን ወሩ በገባ በሃያኛው ቀን ገደማ ኪሴ ደረቅ ነው። ከዚያ ወይ የቴሌብር «እንደኪሴ» ብድር ያወጣኛል፣ ወይ ደባሌ ታበድረኛለች፣ ወይ የሰፈራችን ባለሱቅ ደብተሩ ላይ ይጽፍልኛል። ደመወዝ ሲገባ መጀመሪያ የሚሄደው ለእነሱ ነው፣ እና እንደገና ሀ ብዬ እጀምራለሁ።

አሁን ቢሮ ውስጥ እቁብ ሊጀመር ነው። 12 ሰው፣ በወር 2,000፣ እጣው 24,000። ዳኛዋ የሒሳብ ክፍል ኃላፊያችን ናት፣ የታመነች ሴት ናት። ሁሉም «ግቢ፣ ሳይታወቅሽ ይጠራቀምልሻል» ይሉኛል። ወንድሜ ደግሞ እቁብ ለነጋዴ ነው፣ አንቺ ባንክ አስቀምጪ ይለኛል። ባንክ ያለው ብር ግን ስልኬ ላይ ስለሆነ አይበረክትልኝም።

ምን ትመክሩኛላችሁ? «ወጪሽን ቀንሺ» ለምትሉኝ፣ እሺ፣ የቱን?

ፔይሮል ሠሪ

እህቴ ከ4,250ው ልጀምርልሽ፣ እንጀራዬ እሱ ስለሆነ።

ከ15,000 ላይ 7 በመቶ ለጡረታ ይቆረጣል፣ 1,050 ብር ነው። ድርጅቱ ደግሞ ከራሱ ኪስ 11 በመቶ ጨምሮ ያስገባልሻል። የቀረው 3,200 የሥራ ግብር ነው። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በወጣው ማሻሻያ የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር አይነካውም። ከዚያ በላይ ያለው በየእርከኑ ነው የሚታሰበው። እስከ 4,000 ያለው 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ያለው 20፣ እስከ 10,000 ያለው 25፣ እስከ 14,000 ያለው 30፣ ከ14,000 በላይ ያለው ብቻ 35። ብዙ ሰው ግን ጠቅላላ ደመወዙ 35 በመቶ የሚቆረጥበት ይመስለዋል፣ እንዲያውም «ጭማሪ ቢሰጡኝ ግብሩ ይበላዋል» የሚል ሰው በየወሩ ቢሮዬ ይመጣል። አይበላውም። አንቺ ላይ አንድ ሺህ ብር ቢጨመር 350 ግብር፣ 70 ጡረታ ይሄድና 580 ያንቺ ነው። በድሮው ስሌት ከዚሁ 15,000 ላይ 3,750 ነበር የሚሄደው። ስለዚህ ከማሻሻያው በፊት ይኸው ደመወዝ የነበረው ሰው እጁ ይገባለት ከነበረው በ550 ብር ትሻያለሽ። ያንን 550 ገበያው ምን እንዳደረገው ግን እኔን አትጠይቂኝ።

በነገራችን ላይ የጡረታ መለያ ቁጥርሽን ከሰው ኃይል ክፍል ጠይቂና ያዢ። ከሠራተኛው ቆርጠው በጊዜ የማያስገቡ ድርጅቶች አሉ። ሰው ይህን የሚያውቀው ሲለቅ ነው።

ወደ ጥያቄሽ ስመጣ፣ የጻፍሽውን ወጪ ደመርኩት። 11,000 ብር ነው። የሚገባልሽ 10,750። ያውም ሳሙና የለበትም፣ ፀጉር የለበትም፣ ለሠርግና ለለቅሶ የሚዋጣው የለበትም፣ አንዴ ብታመሚ የምትታከሚበት የለበትም። በሃያኛው ቀን የሚያልቅብሽ አባካኝ ስለሆንሽ አይደለም። ከመነሻው አይደርስም። በዚህ ላይ 2,000 እቁብ ስትጨምሪ ሱቁ ደብተር ላይ 2,000 ጨመርሽ ማለት ነው። እቁብ ጥሩ ነው መጥፎ ነው ብለን ከመከራከራችን በፊት 2,000ው ከየት ይመጣል?

የእቁብ ዳኛ

ልጄ፣ እኔ ፒያሳ ሱቅ ከነበረን ጊዜ ጀምሮ እቁብ ስሰበስብ የኖርኩ ነኝ። ሰፈሩ ሲነሣ ሰዉ በየአቅጣጫው ተበተነ፣ እቁባችን ግን አልፈረሰም፣ አሁን በቴሌብር ነው የምንጥለው። ስለዚህ እቁብን ስትጠይቂኝ አዳልቼ ነው የምመልስልሽ።

ሰው እቁብ ቁጠባ ነው ይላል። ለሁሉም አይደለም። እጣው መጀመሪያ ለወጣለት ብድር ነው፣ ያውም ያለ ወለድ። 2,000 ጥሎ 24,000 ይዞ ይሄዳል፣ የቀረውን 22,000 ቀስ እያለ ይጥላል። መጨረሻ ለደረሰው ቁጠባ ነው። አንቺ የትኛዋ እንደምትሆኚ የሚታወቀው ወረቀቱ ተጠቅልሎ ኩባያ ውስጥ ሲናጥ ነው። «በመጀመሪያው ወር ከወጣልኝ ዕዳዬን እከፍላለሁ» ብለሽ እንዳትገቢ። እንደዚያ ብሎ የገባ ሰው እጣው እስኪወጣለት ድረስ ከሌላ ተበድሮ ሲጥል ብዙ አይቻለሁ። እጣው ሲወጣ ደግሞ ብሩ እጁ ላይ ሳያድር ያልቃል።

ከመግባትሽ በፊት ዳኛዋን የምትጠይቂያት ነገር አለ። የመጀመሪያውን እጣ እሷ ትወስዳለች ወይስ እንደማንም እጣ ውስጥ ትገባለች? እጣ የወጣለት ሰው ዋስ ይጠራል ወይ? የዘገየ ይቀጣል? ዋናው ደግሞ፣ እጣውን በልቶ ሥራ የለቀቀ ሰው ቢኖር ቀሪውን ማን ይጥላል? የነጋዴ እቁብ ላይ ሰውየው ሱቁን ጥሎ የትም አይሄድም። የቢሮ እቁብ ግን ሰዉ የተሻለ ደመወዝ ባገኘ ቁጥር የሚበተን ስለሆነ እዚህ ላይ ነው የሚበላሸው። መልሱ ደብተር ላይ ሰፍሮ ሁሉም ከፈረመበት ግቢ። «እኛ እንተማመናለን» ብቻ ከሆነ መልሱ፣ ቆም በይ። የሚተማመን ሰው ቢፈርምም አይከፋውም።

2,000 ከከበደሽ ደግሞ ግማሽ እጣ አለ። ሁለት ሰው በአንድ ስም ይገባል፣ አንድ አንድ ሺህ ይጥላል፣ ሲወጣ 12,000 12,000 ይካፈላል። ለጀማሪ ይሄ ነው የሚሻለው።

ሰንጋ ተራ

ባንክ ነው የምሠራው፣ ለባንክ ቢያደላ አትፍረዱብኝ። ሰው ወለድ የማይከፈልበት ቦታ፣ ያውም ዳኛዋ ከታመመች ወይ ከተጣላች የሚበተን ቦታ፣ ለምን ዓመት ሙሉ ብሩን እንደሚያስቀምጥ አይገባኝም። ተራ ቁጠባ እንኳ ቢያንስ 7 በመቶ ያስባል። ጠርቀም ያለ ብር ካለሽ በጊዜ ገደብ ስታስቀምጪ ከዚያ በላይ መደራደር ትችያለሽ። በ2017 ኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን ሲሸጥ አንዱ 300 ብር ነበር፣ ትንሹ መግዣ 33፣ በጠቅላላ 9,900 ብር። ያን ጊዜ እቁብ ላይ ያለው ሰው እጣው ካልወጣ ምን ይዞ ይገዛ ነበር?

«ስልኬ ላይ ስላለ አይበረክትም» ላልሽው መፍትሔ አለው። ደመወዝ ከሚገባልሽ ባንክ ውጭ ሌላ ባንክ ሂጂና ደብተር ብቻ ክፈቺ። ኤቲኤም አትውሰጂ፣ ሞባይል ባንኪንግ አታስከፍቺ። ማውጣት ስትፈልጊ መታወቂያ ይዘሽ፣ ከሥራ አስፈቅደሽ፣ ተሰልፈሽ ይሆናል። ከሰልፉ በኋላም ካስፈለገሽ በእውነት አስፈልጎሻል።

ፔይሮል ሠሪ

ሰንጋ ተራ፣ የሰልፉ ሐሳብ ተመችቶኛል። ወለዱ ላይ ግን ሒሳብ እንሥራ። ልጅቷ በወር 1,000 ብር በ7 በመቶ ብታስቀምጥ፣ የመጨረሻው እጣ በሚወጣበት ወር ላይ የተጠራቀመው ወለድ 400 ብር አይሞላም። እቁብ ላይ የመጨረሻዋ ብትሆን የምታጣው ይሄንን ነው። የዋጋ ንረቱ ባንክ ያለውንም እቁብ ያለውንም እኩል ይበላዋል። ለ400 ብር ብላ እቁቡን ብትተውና ባንክ ያለውን በሦስተኛው ወር ብታወጣው ምኑን ጠቀማት?

ሰንጋ ተራ

እሺ፣ ሰዎቹ ካልጠፉ።

ባለምሳ ዕቃው

3,000 ምሳ!! እህቴ ብርሽ ያለው እዚያ ነው፣ ሌላ ቦታ አትፈልጊው።

እኔም ስታዲየም አካባቢ ነው የምሠራው፣ አካሄዱን አውቀዋለሁ። አራት ሆናችሁ ትገባላችሁ። ሁለቱ ጥብስ ያዛሉ፣ አንዱ ክትፎ አማረኝ ይላል፣ አንቺ ሽሮ ትበያለሽ። ሒሳብ ሲመጣ ትግል ነው፣ «በሞቴ እኔ ልክፈል»፣ «ኧረ ዛሬስ አይሆንም»፣ አስተናጋጇ የማንን ብር እንደምትቀበል ግራ ገብቷት ትቆማለች። ደስ ይላል። ግን በሚቀጥለው ጊዜ ተራው ያንቺ ነው፣ ስለዚህ ሽሮ በልተሽ ጥብስና ክትፎ ነው የምትከፍዪው። ከነሱ ውስጥ ደግሞ አንዱ ያንቺን ሁለት እጥፍ ያገኛል። ለየብቻ እንክፈል ማለት እኛ ሀገር ነውር ነው፣ እሱን ልትቀይሪ አትችዪም፣ እኔም ሞክር ብትዪኝ አልሞክርም። ያለው አማራጭ ምሳ ዕቃ መያዝ ነው።

ምሳ ዕቃ የያዘ ሰው ማንም አይጋብዘውም፣ ማንንም አይጋብዝም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌሎቹም ይዘው ይመጣሉ፣ ሁሉም ክዳኑን ይከፍትና አንዱ ከአንዱ ይቋደሳል። በተለይ ጾም ላይ። እሁድ ገበያ ወርደሽ ሽንኩርትና ምስር ግዢ፣ እሁድ ማታ ሥሪ። ፍሪጅ ከሌላችሁ ግን ወጡ ከሁለት ቀን በላይ አይቆይም፣ ረቡዕ ደግሞ ሌላ ትሠሪያለሽ። ይሰለቻል፣ አልዋሽሽም። ዓርብ ዓርብ ግን ውጪና ብዪ፣ አለዚያ ቢሮው ውስጥ «ኮራች» ይባልሻል፣ እሱም የራሱ ዋጋ አለው። ይሄን ሁሉ አድርገሽ ምሳሽ 1,200 ላይ ይቆማል ብዬ እገምታለሁ።

ታክሲው ላይ፣ ጠዋት ዳገቱን ተይው፣ ላብ በላብ ሆነሽ ቢሮ አትገቢም። ማታ ግን ከአራት ኪሎ ቀበና ቁልቁል ነው፣ ዝናብ ከሌለና ካልመሸ በእግርሽ ውረጂው።

ከካዛንቺስ የተነሣሁ

ስለ እቁቡ የተባለው በቂ ነው። ሁለት ሦስት ነገር ልጨምር።

እንደኪሴን መጀመሪያ ዝጊው። ዕዳው ክፍያ አለው፣ ብር ገባ ሲል ቀድሞ የሚወስደው እሱ ነው። አንቺ ግን የምታስቢው ብሩ ሁሉ ያንቺ እንደሆነ አድርገሽ ነው። ባለሱቁ ይሻላል፣ ቢያንስ ደብተሩ ላይ ያለውን ቁጥር ታዪዋለሽ፣ ወለድም አያስብብሽም። ግን እሱንም አታብዢው።

ሁለተኛ፣ ቤቱ። የኪራይ ውሉ ላይ ስምሽ አለ ወይስ የደባልሽ ብቻ ነው? እኛ ሰፈሩ ሲፈርስ ቤት ፍለጋ ስንወጣ አከራዩ ሁሉ የሦስት ወር፣ የስድስት ወር ቅድሚያ ነበር የሚለን፣ ደላላው ደግሞ የራሱን። የቤት ኪራይ አዋጁ (ቁጥር 1320/2016) ከሁለት ወር ኪራይ በላይ ቅድሚያ መቀበልን ይከለክላል፣ ውሉም ቢያንስ የሁለት ዓመት ሆኖ መመዝገብ አለበት። ይህን ስትናገሪ «እንግዲያው ሌላ ቤት ፈልጊ» የሚልሽ ሞልቷል፣ ግን ማወቁ አይከፋም። ለማንኛውም ሁለት ወር ብንል የናንተ ቤት 14,000 ነው፣ ያንቺ ድርሻ 7,000። የመጀመሪያ ግብሽ እሱ ይሁን። የቴሌ አክሲዮን፣ የጊዜ ገደብ ተቀማጭ፣ እሱ ሁሉ ከ7,000ው በኋላ ነው። ለሰንጋ ተራ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ።

ሦስተኛ፣ ድርጅታችሁ ውስጥ የሠራተኞች ቁጠባና ብድር ማኅበር ካለ ጠይቂ። ከደመወዝሽ ላይ ሳይደርስሽ ይቆርጡታል፣ የተወሰነ ጊዜ ከቆጠብሽ በኋላ የቆጠብሽውን እጥፍ ያህል ያበድሩሻል። እጣ የለም፣ ኩባያ የለም፣ ተራ መጠበቅ ግን አለ።

እና መስከረምን አትርሺ። ድርጅታችሁ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚከፍል ከሆነ ከነሐሴ ደመወዝ እስከ መስከረም ደመወዝ 35 ቀን ነው፣ መሐሉ ላይ ጳጉሜ አለች፣ እንቁጣጣሽ አለ፣ መስቀል አለ። ጳጉሜን ማንም አይከፍልሽም። ለእናትሽ የበዓል ደግሞ ትጨምሪ ይሆናል። ከሰኔ ጀምረሽ ትንሽ ትንሽ ካላስቀረሽ ዓመቱን በዱቤ ነው የምትቀበዪው።

የቀበናዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። 11,000 መሆኑን ራሴ ደምሬው አላውቅም ነበር፣ ለየብቻ ሲታይ ሁሉም ትንሽ ነው።

የባለምሳ ዕቃው ነገር አሳቀኝ፣ ክትፎ የሚያምረው ሰውዬ እኛም ቢሮ አለ። ምሳው 1,200 ላይ ከቆመ 1,800 ይተርፋል። ከዚያ ላይ የጎደለው 250 ይሸፈናል፣ 1,000 ግማሽ እጣ፣ የሚቀረው 550 ለሳሙናና ለፀጉር። ለሠርግ መዋጮ ገና አልደረስኩም።

የኪራይ ውሉ በደባሌ ስም ብቻ ነው። ዛሬ ማታ አነሣባታለሁ። ቁጠባ ማኅበር የለንም። ጳጉሜ ደግሞ አለብን፣ በኢትዮጵያ ነው የሚከፍሉን።

ዳኛዋን ጠየቅኳት። እጣ ውስጥ እንደማንም ነው የምትገባው፣ ደብተር አለ፣ ዋስ ከቢሮው ሰው ይጠራል። ግማሽ እጣም ይቻላል አለችኝ። እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ ግማሹን ከደባሌ ጋር ብይዘው ምን ይመስልዎታል? ቤቱም አንድ ላይ ስለሆነ ለቅድሚያው አብረን እናስቀምጠዋለን ብዬ ነው።

የእቁብ ዳኛ

ከደባልሽ ጋር አይሆንም ልጄ። እሷ እናንተ ቢሮ አትሠራም። ደብተሩ ላይ የሚጻፈው ያንቺ ስም ብቻ ነው፣ እሷ አንድ ወር ብታጓድል ዳኛዋ የምትጠይቀው 2,000ውን ካንቺ ነው። ደግሞ አንድ ቤት ውስጥ በብር ከተቀያየማችሁ ማታ የት ትገቢያለሽ?

ከቢሮ ሰው ፈልጊ። 2,000 የከበዳት አንቺ ብቻ አትሆኚም።

የቀበናዋ

ልክ ነው። ጽዳት ላይ የምትሠራው እህታችን መግባት እየፈለገች 2,000 ሰምታ ነው የተወችው። እሷን ባናግራትስ?

የእቁብ ዳኛ

አናግሪያት። ግን የሁለታችሁም ስም ደብተር ላይ ይጻፍ፣ ያንቺ ብቻ አይሁን። እጣው ሲወጣ እዚያው ዳኛዋ ፊት ተካፈሉ፣ «ያንቺን ነገ እልክልሻለሁ» የሚባል ነገር አይኑር። ዋሳችሁንም አሁኑኑ ጨርሱ። ክትፎ የሚያምረውን ሰውዬ ጠይቂው፣ ደመወዙ ይበቃል።